የሐረር ባች መጽሔት፦ የሐኪሞችን የሥራና የቤት ወሬ መሰብሰቢያ መንገድ

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ማለትም ከሐረሩ ካምፓስ፣ ከተመረቃችሁ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው እንበል። የባቹ ቴሌግራም ላይ አንዱ «ሐረር ላይ እንገናኝ» ይላል። ሌላው «ማን የት እንደደረሰ የሚናገር መጽሔትም ይኑረን» ይጨምራል። ሁሉም አውራ ጣቱን ያሳያል፤ «ማን ያዘጋጀው?» ሲባል ግን ሁሉም ዲዩቲ አለበት። በዚያ ጸጥታ መሐል «እሺ፣ እኔ ልሞክር» ያሉት እርስዎ ከሆኑ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው። ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከጥቁር አንበሳ ለወጣ ሰውም አብዛኛው ይሠራል። ሐረር ግን የራሷ መላ ያላት ከተማ ስለሆነች እሷን ይዤ እሄዳለሁ።

ቢያንስ ስድስት ወር ይያዙ። በጥድፊያ የሚወጣ መጽሔት ስፔሻሊስቶቹና ቴሌግራም ላይ አዘውትረው የሚያወሩት ብቻ የሚታዩበት ይሆናል፤ የእነሱን ዜና ደግሞ ባቹ አስቀድሞ ያውቀዋል። መጽሔት የሚያስፈልገው ድምፃቸው ለጠፋው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሰናዳው ዝም ያሉትን ለማግኘትና፣ ከተገኙም በኋላ ሳይሸማቀቁ እንዲናገሩ ለማድረግ ነው።

ከስም ዝርዝሩ ይጀምሩ

መነሻው የምርቃት መጽሔታችሁ ነው። እርስዎ ጋ ከሌለ ሐረር የቀረ የባች ልጅ ይፈልጉ፤ ኮሌጁ ውስጥ ማስተማር የጀመረ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚሠራ አይጠፋም። ሬጅስትራር የተመራቂዎችን ስልክ እንዲሰጥዎ አይጠይቁ፤ መስጠትም የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስልክና አድራሻ ያለ ፈቃዱ ማዞር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮሌጁን መጠየቅ የሚቻለው የእርስዎን መልእክት ለተመራቂዎቹ እንዲያስተላልፍልዎት ነው።

ዝርዝሩን ሲጽፉ ወዲያው አንድ ውሳኔ ይገጥምዎታል። ባች የሚባለው አብሮ የገባው ነው ወይስ አብሮ የወጣው? በሕክምና ትምህርት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንዱ ፒሲ ላይ ተይዞ ከታችኛው ባች ጋር ቀጠለ፤ አንዷ ወልዳ ዓመት አቋረጠች፤ አንዱ ሲ-ዋን ሲደርስ ትቶ ወደ ሌላ ትምህርት ሄደ። የኔ ፍርድ ሁለቱንም ይጻፉ የሚል ነው። አብሮዎት አናቶሚ ያጠና ሰው በተመረቀበት ዓመት ምክንያት ከዝርዝሩ ቢወጣ መጽሔቱ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሰው ያስቀይማል። ከስሙ አጠገብ ግን «በእንዲህ ዓመት ተመረቀ» ወይም «አቋረጠ» የሚል ማብራሪያ አይጨምሩ። ስሙ በፊደል ተራ ይግባ፤ በቃ።

ቀጥሎ ፍለጋውን ያካፍሉ። ሐረር የኖረ ሰው አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር እንዴት እንደሚሠራ አይቷል፦ አንዱ አባል ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሳይመጣ ሲቀር የሚጠይቀው የታወቀ ሰው አለ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። አምስት ወይም ስድስት ሰው ይምረጡና ለእያንዳንዱ አሥር አሥራ አምስት ስም ይስጡ። ክፍፍሉ በክልል ወይም በብሔር አይሁን። ዶርም አብረው ያደሩትን፣ በአንድ የኢንተርን ቡድን ሕይወት ፋና፣ ጀጎል ሆስፒታል ወይም ምሥራቅ አርበኞች የዞሩትን ያጣምሩ። ከሌሊት ዲዩቲ ጓደኛው የመጣለትን ስልክ የማያነሣ ሐኪም እምብዛም የለም።

በዕጣ ሩቅ ወረዳ ደርሶት ከሄደ በኋላ ስልኩን የቀየረውን ለማግኘት የመጀመሪያው የሥራ ቦታው ጥሩ ፍንጭ ነው። ሐኪም ጥቂት በሆነበት ሆስፒታል የቀድሞው ጂፒ የት እንደሄደ የካርድ ክፍል ሠራተኛው ሳይቀር ያውቃል። ውጭ አገር ያሉትን ሲፈልጉ ደግሞ ስሙ ራሱ ያስቸግርዎታል። እናንተ በአባቱ ስም የምታውቁት ልጅ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ሲደርስ የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦለት ሊሆን ይችላል፤ ታካሚዎቹ «ዶክተር» ብለው የሚጠሩትም በአያቱ ነው። ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ ዩሱፍ የሚባሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ብዙ መልክ አላቸው፤ ሁሉንም ይሞክሩ። የእንግሊዝ አገር የሐኪሞች መዝገብ ማንም ሊያየው የሚችል ነው። በአሜሪካም ስቴቶቹ ፈቃድ የሰጧቸውን ሐኪሞች በስም መፈለግ ይቻላል። ይህን ሰውየውን ለማግኘት ብቻ ይጠቀሙበት። ከመዝገብ ያገኙትን መጽሔት ላይ ካተሙ ባቹን የሰለሉት ያህል ነው።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ሦስት ዝርዝር ይኖርዎታል፦ የተገኙና የመለሱ፣ የተገኙና ዝም ያሉ፣ ያልተገኙ። ሥራው ያለው ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ነው።

ሰው ለምን ዝም ይላል?

«ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል። ሐኪም ሥራ ይበዛበታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ሰው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የቀለደበትን የቴሌግራም መልእክት ያያሉ። ዝም የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ ሚዛኑ ነው። ከሐረር ሲወጡ ሁሉም ጂፒ ነበሩ። ዛሬ አንዱ ቀዶ ሐኪም ነው፤ አንዷ ሰብ ስፔሻሊቲ ይዛለች፤ አንዱ ሦስት ጊዜ የሬዚደንሲ ፈተና ተቀምጦ ውጤት አላመጣም። አንዷ ባሏን ተከትላ አሜሪካ ገብታ ልጅ እያሳደገች በሌሊት ለዩኤስኤምኤልኢ ታነባለች፤ ቀን ቀን አዛውንት ትጦራለች። አንዱ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ ገባ። አንዱ ሕክምናን ትቶ ሱቅ ከፈተ፤ ከእናንተ ሁሉ ይበልጥ ደህና እንቅልፍ የሚተኛው ምናልባት እሱ ነው። «የደረስክበትን ደረጃ ጻፍልን» የሚል ቅጽ ሲደርሳቸው እነዚህ ሰዎች ምን ብለው ይሙሉት?

ስለዚህ ጥያቄውን ይቀይሩ። ቅጽ አይላኩ። «የሥራ ኃላፊነት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ» የሚል ሠንጠረዥ ቀበሌ ቤት ያለን ወረቀት ያስታውሳል፤ ሰውም እንደ ቀበሌ ቅጽ በአንድ ቃል ሞልቶ ይገላገለዋል። በምትኩ ደውለው ወይም በድምፅ መልእክት እነዚህን ይጠይቁ።

አንደኛ፣ «ስምህ መጽሔቱ ላይ እንዴት ይጻፍ?» ቀላል ስለሆነ ወሬው በእሱ ይከፈታል፤ ደግሞም አስፈላጊ ነው። ዶ/ር ይባል አይባል፣ የአያት ስም ይግባ አይግባ፣ ዶርም ውስጥ የወጣለት ቅጽል ስም ይጠቀስ አይጠቀስ እሱ ይወስን።

ሁለተኛ፣ «ጠዋት ስትነሺ የት ትሄጃለሽ?» ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ነው። ለሆስፒታል ዳይሬክተርም፣ ልጇን ኬጂ አድርሳ ለፈተና ለምትቀመጥ እናትም፣ ዋሽንግተን ታክሲ ለሚነዳ ሐኪምም እኩል ይሠራል። ማንም ከማንም በላይ ወይም በታች ሳይሆን ይመልሰዋል፤ መልሱም ሁልጊዜ ሥዕል አለው።

ሦስተኛ፣ «ከምርቃት በኋላ መጀመሪያ የሄድክበት ቦታ የት ነበር? እዚያ ማን አስተማረህ?» ሰው በመጀመሪያው ሆስፒታሉ ላይ ሲያወራ ይፈታል። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ብርሃን ስለሰፋው ቁስል፣ እንዴት እንደሚሰፋ ስላሳዩት አንጋፋ ነርስ፣ አምቡላንስ ስለማይደርስበት ቀበሌ ይነግርዎታል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታካሚን የሚያሳውቅ ነገር፣ ማለትም ስም፣ ቀበሌና ቀን ተደርቦ፣ አይታተምም፤ የትንሽ ከተማ ታሪክ ስም ባይኖረውም ባለቤቱ ይታወቃል።

አራተኛ፣ «ቤት ውስጥ አብሮሽ ማን ማን አለ?» ብለው ይጠይቁ። «አገባሽ?» አይበሉ፤ «ልጅ አልያዛችሁም?» ደግሞ ጨርሶ አይበሉ። ሐኪም መሆን ልጅ ያጣን ሰው ከዚህ ጥያቄ አያድነውም፤ እንዲያውም ጎረቤቱ ሁሉ «አንተ ሐኪም አይደለህ እንዴ?» እያለ ቁስሉን ይነካካበታል። «ማን ማን አለ?» ሲባል ግን ባልም፣ ሚስትም፣ እናትም፣ የምታስተምራት ታናሽ እህትም ይገባሉ። የተፋታው ሰው ስለ ልጆቹ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቀረው ካልተናገረ እርስዎም አይጠይቁትም።

አምስተኛ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይኑርዎት። ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 አገር ውስጥ መግባቱ ሲነገር የት እንደነበሩ ይጠይቁ። በዚያ ሰሞን ሥራ ላይ የነበረ ሐኪም ሁሉ ለዚህ መልስ አለው። ማስክ አጥቶ በጨርቅ የሠራ፣ ለይቶ ማቆያ የገባ፣ ሠርጉን በስምንት ሰው የደገሰ ይገኝበታል። መልሶቹ ጎን ለጎን ሲታተሙ ባቹ የተበተነበትን አገር ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ያሳያሉ።

መጨረሻ ላይ፦ «ከነገርከኝ ውስጥ የትኛው አይጻፍ?» ይህን ሳይጠይቁ ስልኩን አይዝጉ።

የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ የሚሻለው ሰው ሲናገር ስለማይኮፈስ ነው። ሲጽፍ «በሙያዬ ኅብረተሰቡን በማገልገል ላይ እገኛለሁ» ይላል፤ ሲናገር ግን «ባክህ፣ ኦፒዲ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው» ይላል። ሁለተኛውን ነው የሚፈልጉት። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪኛ የሚቀናው በዚያው ይናገር፤ ተርጓሚ ከባቹ አይጠፋም።

ባቹ ውስጥ የተጋቡ ካሉ፣ መቼም ይኖራሉ፣ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ለእያንዳንዳቸውም የራሳቸውን ቦታ ይስጡ። በአንድ አንቀጽ ሲጠቃለሉ የእሱ ስፔሻሊቲ ሦስት መስመር ይወስዳል፤ የእሷ ደግሞ «ባለቤቱም ሐኪም ናት» ተብሎ ያልፋል። አብራችሁ አንድ ጉርኒ እየገፋችሁ የሮጣችሁት ሴት እንዲህ መጻፍ የለባትም።

ቀን ሲነግሩዎት «በማን አቆጣጠር?» ይበሉ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ግን እዚህ ነው። አገር ቤት ያለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል፤ ውጭ ያለው በፈረንጅ ይናገራል፤ አገር ቤት ሆኖ የምስክር ወረቀቱ በፈረንጅ የተጻፈለት ደግሞ ሁለቱን ይደባልቃል። አንዷ «2017 አገባሁ፣ የመጀመሪያ ልጄ 2011 ተወለደች» ብላ ከጻፈችልዎት ሠርጉ በፈረንጅ፣ ልጅቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ሳያስተካክሉ ካተሙት ልጅቱ ከሠርጉ ስድስት ዓመት ቀድማ ትወለዳለች፤ አማትየው መጽሔቱን ካነበቡ ደግሞ ማብራሪያውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

ሁሉንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመልሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ስለዚህ በፈረንጅ ሰኔ 2017 በእኛ 2009 ነው፤ የዚያው ዓመት ኅዳር ግን 2010 ነው። ወሩን ሳያውቁ ዓመት አይቀይሩ።

ተጠንቅቀው የሚጽፉትና የሚተዉት

ሞት። ስሞቹን ሲያስሱ የባች ልጅ ማረፉን የሚሰሙበት ቀን ይመጣል። ቡድኑ ላይ ወዲያው አይለጥፉ። በእኛ አገር መርዶ በቀጠሮ፣ ማለዳ፣ የቅርብ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው፤ ቴሌግራም ግን ዲዩቲ ላይ ያለችውን የቅርብ ጓደኛውን ዋርድ መሐል ይነግራታል። መጀመሪያ ከቤተሰቡ ያረጋግጡ፤ ከዚያ የቅርቦቹን አንድ በአንድ ይደውሉላቸው፤ ከዚያ በኋላ ለባቹ ይንገሩ። መጽሔቱ ላይ ያረፉት ከሁሉም በፊት ይምጡ። ጽሑፉን ቤተሰቡ አይቶት ይታተም። ለክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር»፣ ለሙስሊሙ «አላህ ይርሐመው» ይባል፤ ለሁሉም አንድ ቃል አይገልብጡ። የሞት ምክንያት፣ ቤተሰቡ ካልፈለገ፣ አይጻፍ።

እርግዝና። ሳይወለድ አይታተምም። «ሐኪሞች አይደለን፣ ቡዳ እንፈራለን እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነፍሰ ጡሯ ፈርታም ይሁን ሳትፈራ፣ ሆድ ያለው ነገር የእሷ ነው።

ፎቶ። ሁሉም ሰው ፎቶው እንዲወጣ አይፈልግም። በምርቃት ፎቶ ላይ ያለች ሴት ዛሬ በሌላ አለባበስ ልትሆንና የድሮው እንዳይወጣባት ልትፈልግ ትችላለች። አዲስ ፎቶ የላከውን ያትሙ፤ ያልላከውን በስሙ ብቻ ይተዉት፤ ከፌስቡክ አይውሰዱ። የልጆች ፎቶ ያለ ሁለቱም ወላጆች ፈቃድ አይግባ።

ጦርነትና ፖለቲካ። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 በኋላ ትግራይ ውስጥ ስልክ ጠፍቶ ወሬያቸው ለወራት የተቆረጠ፣ ደመወዝ ሳያገኙ የሠሩ የሕክምና ባልደረቦች አሉ። በአማራና በኦሮሚያም ሆስፒታላቸው በግጭት መሐል የቆየባቸው አሉ። ባቹ ውስጥ አንዱ በዚህ ወገን፣ ሌላው በዚያ ወገን ቤተሰብ አጥቶ ይሆናል። ሰው ያየውንና የሠራውን ይናገር፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚፈርድ ዓረፍተ ነገር ግን በሁለቱም ወገን ይቅር። ይህን ሕግ አስቀድመው ለሁሉም ይንገሩ፤ በኋላ ከአንዱ ብቻ ሲሰርዙ አድሏዊ ይባላሉ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም በደረሱበት ጊዜ የተሳተፈ ወይም የታሰረ ካለም፣ እንዲጻፍ በራሱ ቃል ካልጠየቀ በቀር አይጻፍ። ደመወዝ የማንም አይጻፍ።

አንድ አንቀጽ እንዴት ይጻፋል

ለአንድ ሰው ከስልሳ እስከ መቶ ሃያ ቃል ይበቃል። ርዝመቱ በማዕረግ አይለካ። ፕሮፌሰር ለመሆን የተቃረበው መቶ ሃያ ቃል ካገኘ ወረዳ ላይ ያለው ጂፒም ያንኑ ያግኝ። በብዛት የሚመጣልዎት ይህን የመሰለ ነው፦ «ዶ/ር እገሊት በሙያዋ ከፍተኛ አስተዋጽኦ እያበረከተች የምትገኝ ታታሪ ሐኪም ስትሆን ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ናት።» ይህ ለማንም ይሆናል። ስሙን ቢለውጡት ጎረቤትዎ ላይም ይሠራል። በድምፅ ከነገረችዎት ተነሥተው እንዲህ ያድርጉት፦ «እገሊት መጀመሪያ የሄደችው ጎዴ ነበር። የሙቀቱን ነገር ዛሬም አልረሳችውም። አሁን ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ናት። ባለቤቷ መሐንዲስ ነው፤ ልጃቸው ዘንድሮ ኬጂ ገብታለች። ዲዩቲ ባለባት ማታ ልጅቱን የሚያስተኟት አያቷ ናቸው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሥራዋንም ቤቷንም በአንድ ጊዜ ትናገራለች። ከእያንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ።

የሥራና የቤት ወሬን ለያይቶ ማስቀመጥ ለምን እንደማይሆን ለማየት ከአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪም ይበልጥ ምሳሌ አላውቅም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወሰዱ፤ ሕንድ አደጉ፤ በ1870ዎቹ ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቁ። የሥራ ታሪካቸው ብቻውን ቢጻፍ በርማ፣ ስኮትላንድ፣ ኋላም በ1920ዎቹ ከሐረር ወደ ምዕራብ ያለው የጨርጨር ግዛት አስተዳዳሪነትና በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛነት ይደረደራል። ማዕረግ በማዕረግ ነው። ሰው እየተቀባበለ ያቆየው ታሪክ ግን ሌላ ነው፦ ከ30 ዓመት በላይ ጠፍተው አዲስ አበባ ሲመጡ አያታቸው ከሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ መለየታቸው። ያንን ቅጽ ላይ የሚሞሉበት ረድፍ የለም።

ስለ ሐረር ራሷ ደግሞ መግቢያ ላይ አንድ ገጽ ይኑር፤ ከዚያ አይለፍ። የተማራችሁበት ከተማ የሕክምና ታሪክ የእናንተ ባች ሲገባ አልጀመረም። በካቶሊክ ሚሲዮኖች እጅ የተጀመረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በ1950 አካባቢ በጀርመኖች እርዳታ የተቋቋመው የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማእከልም ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። ወደ ቢሲዲሞ ለልምምድ የወጣ ሰው ባቹ ውስጥ ካለ ገጹን እሱ ይጻፈው።

አንቀጹ ካለቀ በኋላ ለባለቤቱ ይላኩለትና «እሺ» የሚል መልስ ይጠብቁ። ዝምታ እሺታ አይደለም። ሁለት ጊዜ አስታውሰውት ካልመለሰ ስሙ ብቻ ይታተም። ይህ ሕግ ሥራ ያበዛል፤ ሳይታተም የቀረ ዓረፍተ ነገር ግን የማንንም ትዳር አልረበሸም።

ወደ ማተሚያ ቤት

የኤ-ፋይቭ መጠን ለዚህ ይበቃል፤ በእጅ ይያዛል፤ በሻንጣም ይገባል። መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ቁጥር ለአራት የሚካፈል ይሁን፤ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ባዶ ገጾች ይቀሩና ማተሚያ ቤቱ በራሱ ማስታወቂያ ይሞላቸዋል። የፊደል ነገር ከገንዘቡ እኩል ያስጨንቃል። አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች ዛሬም በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ይሠራሉ፤ ስልክ ላይ የተጻፈው ዩኒኮድ እዚያ ሲገባ ይፈራርሳል። ስለዚህ ገጹን አቀናብረው በፒዲኤፍ ይስጡ፤ አንድ ገጽ አሳትመው ሳያዩ ሙሉውን አያዝዙ። ሲያዩ በተለይ ስሞቹን ይመልከቱ። ኃይሌ በየትኛው «ኃ»፣ ዓለሙ በየትኛው «ዓ» እንደሚጻፍ ባለቤቱ የነገረዎትን ይከተሉ።

የዋጋ ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ይውሰዱ፤ እስከ መቼ እንደሚጸና ያስጽፉበት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ወረቀት በአንድ ዋጋ አይቆምም። መዋጮውን የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ። መጠኑን ውጭ ባሉት አቅም አይተምኑት። ለአገር ቤት ሐኪም የሚቻለው ይሁን፤ መጨመር የፈለገ በራሱ ይጨምር፤ ማን ምን ያህል እንደሰጠ መጽሔቱ ላይ አይውጣ።

ሐረር ላይ ለመገናኘት

ቀኑን ሲመርጡ ሁለት ነገር ይፈትሹ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በእነዚያ ሳምንቶች ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር አልጋ አይገኝም፤ መንገዱም ይጨናነቃል። ሌላው ሹዋሊድ ነው። ከዒድ አል ፈጥር በኋላ የሚውለው ይህ የሐረሪዎች በዓል በኅዳር 2016 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ብዙ ነው። ለማየት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አልጋ ያዙ፤ ካልፈለጋችሁ ከዚያ ሳምንት ሽሹ። ረመዳንና ሁዳዴም ምሳ ለመጋበዝ አይመቹም። ጥቅምትና ኅዳር መጀመሪያ ደህና ናቸው። ቀኑን ቢያንስ ሦስት ወር ቀድመው ያስታውቁ፤ ዲዩቲ ለመቀያየር ያን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል።

ሆቴሉን ሲይዙ ስለ ቁርሱ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ውሃው ይጠይቁ። ሐረር የኖረ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡት ድሬ ዳዋ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በደንገጎ አቀበት ወደ ሐረር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሐይቁ ደርቆ ሳለ የተመረቃችሁ ከሆነ ሐረማያ ላይ መኪናውን ያቁሙ፤ ውሃ ይዞ ያዩታል። ለልጆች ሹራብ ይያዝ፤ ድሬ ላይ የሞቀው ሐረር ማታ ይቀዘቅዛል።

ሕይወት ፋናን ለመጎብኘት ከአስተዳደሩ ቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ዋርድ ውስጥ በቡድን መግባትና ፎቶ ማንሣት አይሁን፤ የእናንተ ትዝታ የታካሚው የሕመም ቀን ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አንድ የጋራ ፎቶ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን ይዘው በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ ይግቡ፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ መውረድ ለልጅም ለአዛውንትም ይቀላል። ዊልቸርና የሕፃን ጋሪ ግን በእነዚያ ጠባብ የድንጋይ መንገዶች አይሄዱም፤ ልጁን ማዘል ነው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ቡና ከተዘጋጀላችሁ ጫማ ከበሩ ይቀራል። ነደባው፣ ማለትም መቀመጫው መደብ፣ ላይ የት የት እንደምትቀመጡ የቤቱ እመቤት ታሳያችኋለች።

መጽሔቱን ምሳ ላይ አያድሉ። ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ ይውላል፤ አጠገቡ ያለውን ሳያነጋግር ይሄዳል። ማታ ላይ፣ ሲለያዩ ይስጡት።

አንድ ኮፒ ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ላለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ይስጡ፤ ሙዚየሙ የሐረርን ጽሑፎችና የድምፅ ቅጂዎች በመሰብሰብ የታወቀ ነው። ላልመጡት፣ አገር ውስጥ ላሉት በፖስታ፣ ውጭ ላሉት በሰው እጅ ይላካል። ከታተመ በኋላ በሳምንቱ «እኔን ረሳችሁኝ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ያ ሰው ሁለት ጊዜ ደውለውለት ያላነሣው ነው። አይከራከሩት። ስሙን፣ ጠዋት የት እንደሚሄድና ቤቱ ማን ማን እንዳለ ጠይቀው ለሚቀጥለው በተከፈተው ፋይል ላይ መጀመሪያ ያስገቡት።